ሐረግ ወይስ ጥድ? አጥር የሚያለብስ ተክል አመራረጥ

ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ከቤቱ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ አጥሩ ነው። ቆርቆሮው እንዳይታይ፣ የብሎኬቱ ድርቀትም እንዲሸፈን ይፈልግና ችግኝ ወደሚሸጥበት ይሄዳል። እዚያ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፤ አንዱ ገና በላስቲኩ ሳለ ያበበ ቡገንቪሊያ ነው፤ ሌላው ክንድ የማይሞላ የጥድ ችግኝ። ብዙ ሰው የሚገዛው ዓይኑ የወደደውን ነው። ዓይን ደግሞ የዛሬን እንጂ የዛሬ ዐሥር ዓመትን አያይም። የሁለቱን አስተዳደግ ያወቀ ሰው ግን የትኛው ለግቢው እንደሚስማማ ሻጩን ሳይጠይቅ መለየት ይችላል።

ሐረግ እንዴት ይወጣል?

ማንኛውም ተክል ብርሃን ይሻል። ዛፍ ብርሃን ጋ ለመድረስ ከሚሠራው ምግብ ብዙውን ግንዱን ለማወፈር ያውለዋል። ሐረግ ይህን ወጪ አያወጣም፤ ከጎኑ ባገኘው ድጋፍ ላይ እየወጣ ጉልበቱን ቁመት ለመጨመርና ቅጠል ለማብዛት ያውላል። ቡገንቪሊያ በጥቂት ዓመታት ግንብ ሲሸፍን የሐበሻ ጥድ በዚያው ዕድሜ ገና ለጋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሐረግ ድጋፉን የሚያገኘው እየፈለገ ነው። ቻርለስ ዳርዊን ታሞ ክፍሉ በዋለበት ጊዜ ለቢራ መራራ ጣዕም የሚሰጠውን ሆፕ በማሰሮ አስተክሎ ይከታተል ነበር። የሐረጉ ጫፍ በሞቃት ቀን በአማካይ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ አንድ ጊዜ ዙሪያውን እየዞረ የሚጨብጠው ነገር ሲፈልግ አየ፤ ስለ ሐረጎች አወጣጥ ያደረገውን ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1865 አሳተመ።

አጨባበጡ ከሐረግ ሐረግ ይለያያል። ወይንና ፓሽን ፍሩት ክር የመሰለ መጨበጫ አላቸው፤ ጠምበለል ራሱን ግንዱን ይጠመጥማል፤ የአዞ ሐረግ በቅጠሉ ዘንግ ይንጠለጠላል። ቡገንቪሊያ ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ እሾሁን እያስደገፈ ከመንጠላጠል በቀር ራሱን አጥብቆ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ወይን ለተከለ ሰው ቀጭን ሽቦ መዘርጋት ይበቃዋል፤ መጨበጫው ወፍራም ምሰሶ መያዝ አይሆንለትምና። ቡገንቪሊያ የተከለ ግን እያደገ በሄደ ቁጥር በገመድ ማሰር አለበት።

አበባ የሚመስለው ቅጠል

ቡገንቪሊያ ካገኙ አንድ ዘለላ ቀንጥሰው በቅርብ ይመልከቱት። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ከሩቅ የሚጣራው አበባው አይደለም፤ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። ሦስቱ ወረቀት መሳይ ቅጠሎች መሃል ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች ቆመዋል፤ ጫፋቸው ነጣ ብሎ ይከፈታል። እውነተኛዎቹ አበቦች እነዚያ ናቸው። አበቦቹ ቶሎ ይጠወልጋሉ፤ ባለቀለሞቹ ቅጠሎች ግን ሳምንታት ይቆያሉ። የግቢው ድምቀት ረጅም ጊዜ የሚዘልቀው በእነሱ ነው።

ይህ ድምቀት ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ፀሐይና መጠነኛ ጥማት። ቡገንቪሊያ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ አበባው ይሳሳል። ሥር ከሰደደ በኋላ በየቀኑ ውሃ ከጠጣና ፍግ ከበዛለት ደግሞ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ተንከባክቤው ለምን አላበበም?» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ መልሱን የሚያገኘው ውሃ ማጠጫው ላይ ነው።

በአንድ ስም ሁለት ዛፍ

ጥድ ሲባል አንባቢ መጀመሪያ የትኛው ጥድ እንደሆነ ይጠይቅ። የሐበሻ ጥድ የደጋችን ዛፍ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥርና በመናገሻ ሱባ ደን ያረጁ ዛፎቹ ዛሬም ይታያሉ። እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ እንጨቱን ግን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ወንዴውና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው፤ ሴቴዋ ሰማያዊ ጥቁር ፍሬ ስትይዝ ወፎች እየበሉ ዘሩን ይበትናሉ።

በየአጥሩ ተደርድሮ የምናየው ግን በአመዛኙ የፈረንጅ ጥድ ነው። የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ሲሆን ከሐበሻው ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ መቀስም ይቀበላል። ሁለቱም ቅርፊት መሰል ጥቃቅን ቅጠሎቻቸው ሰም ለብሰዋል፤ በበጋው ድርቀት ውሃቸውን የሚቆጥቡት በዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆነው መታየታቸውም ቅጠል ስለማያረግፉ አይደለም። አንዱ ቅጠል ለዓመታት ይቆያል፤ አሮጌው ጥቂት በጥቂት ሲረግፍም አዲሱ ከጫፍ ይተካል።

የማይበቅለው ቅርንጫፍ

የጥድን ጠባይ ለማወቅ አንድ የቆየ የጥድ አጥር በሁለት እጅ ከፈት አድርጎ ወደ ውስጥ ማየት ይበቃል። አረንጓዴው ከላይ ያለው ሽፋን ብቻ ነው፤ ብርሃን የማይደርስበት ውስጡ ቡናማ፣ ደረቅና ባዶ ነው። የፈረንጅ ጥድ ቅጠሉን ከጣለ አሮጌ እንጨት ላይ አዲስ ቀንበጥ አያወጣም። አጥሩ ሰፋ ብሎ እስከ ቡናማው ድረስ የቆረጠ ሰው የከፈተው ቀዳዳ አይዘጋለትም። ቡገንቪሊያ ግን እስከ ጉልበት ድረስ ቢቆረጥ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፤ እንዲያውም የሚያብበው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ መገረዝ ይጠቅመዋል።

የሁለቱ ዋና ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሐረግ ብዙ ሥራ ይፈልጋል፤ ጥፋትን ግን ይቅር ይላል። ጥድ ሥራው ጥቂት ነው፤ ጥፋትን ግን አይረሳም። ስለዚህ የጥድ አጥር ከልጅነቱ ጀምሮ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በስሱ ይከርከም። ከሥሩ ሰፋ፣ ከላዩ ጠበብ ያለ ቅርጽ ከተሰጠው የታችኛው ቅጠል ብርሃን አግኝቶ አይራቆትም።

ሌላም ስጋት አለ። የጥድን ጭማቂ የሚመጥ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ በኋላም ኢትዮጵያ ገባ። የያዘው ቅርንጫፍ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ይለወጣል። አንድ ዓይነት ዛፍ ተጠጋግቶ በተደረደረበት አጥር ደግሞ ተባዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አይቸገርም። የደረቀ የጥድ አጥር ሙጫ ስላለው እሳት ፈጥኖ ይይዘዋል፤ ቆሻሻ የሚቃጠልበትን ቦታ ከእሱ ማራቅ ያስፈልጋል።

ቦታውን መመዘን

ሽቦ ላይ የወጣ ሐረግ ግማሽ ሜትር ስፋት ከተገኘለት ይበቃዋል። የጥድ አጥር ሲጎለምስ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ሥሩም በአቅራቢያው ካለው ጎመንና ጽጌረዳ ውሃ ይሻማል። በሌላ በኩል ነፋስ ለሚበዛበት ግቢ ጥድ ይመረጣል። ግንብ ነፋሱን ሲመታው ነፋሱ ከላይ ተገልብጦ ይወርዳል፤ ጥድ ግን በቅጠሉ መካከል እያሳለፈ ያበርደዋል፤ ጥላ ከለላውም ከቁመቱ ዐሥር እጥፍ ገደማ ርቀት ድረስ ይሰማል።

በባህር ዛፍ ቋሚ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ያለው ሰው ስለ ሐረግ ክብደት ያስብ። ያረጀ ቡገንቪሊያ የክረምት ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ቋሚው ከሥሩ በስብሶ ከሆነ አንድ ኃይለኛ ነፋስ አጥሩን ከነሐረጉ ያጋድመዋል። ሐረጉ የራሱ የብረት ቋሚና ሽቦ ቢኖረው ይሻላል። ጥድ ደግሞ ከመብራት መስመር በታችና ከቤት መሠረት አጠገብ አይተከልም።

ሁለቱንም እወዳለሁ የሚል ያራርቃቸው። ጥድ ላይ የወጣ ሐረግ ብርሃኑን ይጋርደዋል፤ የተጋረደው ቅጠል ይደርቃል፤ ሐረጉ ሲነሳም የተራቆተው ቦታ እንደተራቆተ ይቀራል።

ለመትከል ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ከተረጋጋ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ላስቲኩ ይቀደድ፤ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይፈታ። አፈሩ ውሃ የሚያቁር መረሬ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ይሠራ፤ በተለይ ቡገንቪሊያ ውሃ በቆመበት ሥሩ ይበሰብሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ሁለቱም ውሃ ይሻሉ።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ጠባብ ግቢ፣ ጠንካራ ድጋፍና በየጊዜው መቀስ የሚያነሳ ሰው ካለ ሐረግ ይተከል። ሰፊ ቦታ፣ የሚያስቸግር ነፋስና ትዕግሥት ካለ የፈረንጅ ጥድ በአጥርነት ያገለግላል። የሐበሻው ጥድ ግን በመቀስ ከሚታሰር ይልቅ ለብቻው፣ ሙሉ ቁመቱን የሚያወጣበት ቦታ ይሰጠው። ወደ ችግኝ ሻጩ ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይዘው አጥርዎን ይለኩ።