ኪሴ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር

ለንደን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቧንቧ ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ቴርሞሜትር ከኪሴ አይጠፋም። የእንግሊዝ መንግሥት የጤና ተቋማት መመሪያ፣ ሙቅ ውሃ በጋኑ ቢያንስ 60፣ ቧንቧው ጫፍ ሲደርስ ደግሞ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን ይላል። ምክንያቱ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ይራባል፣ ከሻወር በሚነሳው ብናኝ ጠብታ ሳንባ ይገባል። ግን 60 ዲግሪ የአዛውንትን ገላ በሴኮንዶች ያቃጥላል! ስለዚህ ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቫልቭ መታጠቢያው አጠገብ እንገጥማለን፦ ለገንዳ ከ44፣ ለሻወር ከ41 እንዳያልፍ። እኔን የሚያደክመኝ ማንም የማይከፍተው ቧንቧ ነው። የቆመ ውሃ ለብ ይላላ! ባዶ ክፍል እየገባሁ ውሃ አፈሳለሁ፤ አንዲት የአገሬ ልጅ ነርስ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ውሃ ሊደፉ መጡ?» ትለኛለች።