ፕሪንተሩን በብሮውዘር የሚያዘው ማን ነው?

ራፒድ7 የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ግኝት የፕሪንተርን ደኅንነት እንደገና መነጋገሪያ አድርጎታል። ስምንት ክፍተቶች፣ 748 ሞዴሎች፤ ከእነዚህም 689ኙ የብራዘር ሲሆኑ የቀሩት የፉጂፊልም፣ የሪኮ፣ የቶሺባና የኮኒካ ሚኖልታ ናቸው።

ከስምንቱ አንዱ ከሁሉም ይከፋል፤ በክብደት መለኪያ ከ10 9.8 ነጥብ ተሰጥቶታል። ፋብሪካው በየማሽኑ የሚሰጠው የአድሚን ፓስወርድ ከሴሪያል ቁጥሩ በቀመር የሚወጣ ሆኖ ተገኘ። ቀመሩን ያወቀ ሰው ሴሪያሉን ካገኘ ፓስወርዱን ያሰላዋል። በሌላኛው ክፍተት በኩል ደግሞ ሴሪያሉን ፕሪንተሩ ራሱ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። ሌሎቹ በፈርምዌር ማሻሻያ ተደፍነዋል፤ የፓስወርዱ ክፍተት ግን በተሸጡት ማሽኖች ላይ ሙሉ በሙሉ አይደፈንም። የቀረው አማራጭ ገዢው ፓስወርዱን እንዲቀይር መምከር ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ፋብሪካው ያበላሸውን ገዢው ያስተካክል ማለት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሴሪያል ቁጥር ምስጢር ሆኖ አያውቅም። የመንግሥት ንብረት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሲሆን መለያው ከዕቃው ጋር ይመዘገባል። ግምጃ ቤቱ፣ ሒሳብ ክፍሉ፣ ቆጠራ ኮሚቴው ሁሉ ያየዋል። የንብረት አያያዝ ሥርዓታችን በግልጽ የሚጽፈውን ቁጥር ፋብሪካው የቁልፍ መሥሪያ አድርጎታል።

ወደ ፕሪንተሩ ገጽ መግቢያው ቀላል ነው። ከፕሪንተሩ ሜኑ የኔትወርክ ሪፖርት አትሞ የአይፒ አድራሻውን ማየት፣ ለምሳሌ 192.168.1.50 ቢሆን፣ ያንኑ ብሮውዘር ላይ መጻፍ። የቶነሩን መጠን፣ የወረቀቱን ሁኔታ የሚያሳይ ገጽ ይከፈታል። አድሚን ሆኖ የገባ ሰው የስካን መላኪያ አድራሻዎችን ይቀይራል፣ ለኢሜይልና ለፋይል ሰርቨር የተቀመጡ ፓስወርዶች ላይም ሊደርስ ይችላል። ገጹን በኤችቲቲፒኤስ መክፈት ግድ ነው፤ አለበለዚያ አዲሱም ፓስወርድ በኔትወርኩ ላይ ሳይመሰጠር ያልፋል። ችግሩ ፕሪንተሩ ለራሱ የሰጠውን ሰርተፍኬት ብሮውዘሩ ስለማያምነው ማስጠንቀቂያ ማውጣቱ ነው፤ ሠራተኛውም ማስጠንቀቂያን አልፎ መግባት ይለምዳል።

ቀሪው ጥንቃቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ ቴልኔትንና ኤፍቲፒን መዝጋት፣ በኤስኤንኤምፒ «ፐብሊክ» የሚለውን ነባሪ ስም መቀየር፣ ፈርምዌር ማደስ፣ ፖርት 9100ን ከውጭ መዝጋት። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ጠላፊ 50,000 በሚጠጉ ፕሪንተሮች ላይ የአንድ ዩቲዩብ ቻናል ማስታወቂያ ያሳተመው ፓስወርድ ሰብሮ ሳይሆን በዚሁ ክፍት ፖርት ገብቶ ነው።

ይህ ሁሉ የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ለሆነችው መካነ ኢየሱስ ምኗ ነው? ፕሪንተሩ በዩኤስቢ ገመድ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ብቻ ከተያያዘ ብዙም አይመለከታትም። በኔትወርክ ወይም በዋይፋይ የሚሠራ ከሆነ ግን «ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ ማን ይገባብናል?» ማለት አያዋጣም፤ የቢሮውን ዋይፋይ ያገኘ እንግዳ ከውጭ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው ገጹን ይከፍታል። በወረዳ ቢሮ የሚታተመው ደግሞ ፔሮል፣ የመሬት ይዞታ ሰነድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለውን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታም ነው።

በእንዲህ ያለ ቢሮ ግን ዋናው ክፍተት ያለው የንብረት ርክክቡ ላይ ይመስለኛል። የአይሲቲ ባለሙያው ሲዛወር ፕሪንተሩን ቆጥሮ በፊርማ ያስረክባል፤ ፓስወርዱን ግን ማንም አይጠይቀውም። ፓስወርዱ ገና በርክክቡ ዕለት ተቀይሮ፣ በታሸገ ፖስታ ለጽሕፈት ቤት ኃላፊው ቢሰጥና በርክክብ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ቢጨመርለት፣ ወጪው የአንድ ፖስታ ዋጋ ነው።