ያልተመዘገበ ልኬት፣ የጸና ቅጣት

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ እያንዳንዱ ቡድን ሲያጠቃ የሚጫወተው በራሱ ኳሶች ነው። የኳሱ የአየር ግፊት በስኩዌር ኢንች ከ12.5 እስከ 13.5 ፓውንድ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። የለሰለሰ ኳስ፣ በተለይ በብርድና በዝናብ፣ ለእጅ ይመቻል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2015 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን 45 ለ 7 አሸንፎ ለፍጻሜ ሲያልፍ ኳሶቹን ሆን ብሎ አስተንፍሷል የሚል ክስ ተነሣበት። ጉዳዩ «ዴፍሌትጌት» ተባለ።

ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አልነበረም። አንድ የቡድኑ ሠራተኛ ዳኞች የመረመሯቸውን ኳሶች ይዞ መጸዳጃ ክፍል ገብቶ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል ቆይቷል። የቡድኑ ኮከብ ቶም ብሬዲም በምርመራው ወቅት የእጅ ስልኩን አስወግዷል።

ዋናው ችግር ያለው ግን ልኬቱ ላይ ነው። ዳኛው ከጨዋታው በፊት ኳሶቹን ቢለኩም ቁጥሩን አልመዘገቡም። በእጃቸው የነበሩት ሁለት መለኪያዎች ደግሞ የተለያየ ውጤት የሚሰጡ ነበሩ። በእረፍት ሰዓት 11 የፓትሪየትስ ኳሶች ሲለኩ ከኮልትስ የተለኩት 4 ብቻ ናቸው። ብርድ በራሱ ግፊት ይቀንሳል፤ የሊጉ መርማሪዎች የቀጠሯቸው ባለሙያዎች እንዳሰሉት ማንም ያልነካው የፓትሪየትስ ኳስ ከ11.32 እስከ 11.52 ሊወርድ ይችላል። ከፍ አድርጎ በሚያነበው መለኪያ የኳሶቹ አማካይ 11.49፣ በሌላው 11.11 ሆነ። በመጀመሪያው ከተሄደ ጥፋት የለም፤ በሁለተኛው ከተሄደ አለ። ዳኛው ከጨዋታው በፊት የተጠቀሙት በመጀመሪያው እንደሚመስላቸው ቢናገሩም መርማሪዎቹ ሁለተኛውን መረጡ። ሌላውን ምስክርነታቸውን ተቀብሎ ይህንን ብቻ መጣል ለማንም ተከሳሽ ፍትሐዊ አይደለም።

በጠበቃ ቴድ ዌልስ የተመራው የ243 ገጽ ሪፖርት ብሬዲ ስለ ድርጊቱ ቢያንስ በጥቅሉ ሳያውቅ አልቀረም ሲል ደመደመ። ሪፖርቱ ገለልተኛ ቢባልም የሊጉ ዋና የሕግ ሹም ጄፍ ፓሽ ሳይወጣ አይተው አስተያየት ሰጥተውበታል። ብሬዲ ለ4 ጨዋታዎች ታገደ፤ ቡድኑ 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ ተጫዋች የመምረጥ ዕድሎችንም አጣ። የብሬዲን ይግባኝ የሰሙት ደግሞ ቅጣቱን የጣለው ሊግ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ራሳቸው ናቸው። ከሳሽም ዳኛም አንድ ሆነ።

የፌዴራሉ ዳኛ ሪቻርድ በርማን በሴፕቴምበር 2015 እገዳውን ሻሩት፤ ብሬዲ ቅጣቱን አስቀድሞ እንዲያውቅ አልተደረገም፣ ፓሽን እንዲጠይቅ አልተፈቀደለትም፣ የምርመራውን መዝገብም አላየም በማለት። በኤፕሪል 2016 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ እገዳውን መለሰው። የፍርድ ቤቱ ሥራ ኳሶቹ መተንፈስ አለመተንፈሳቸውን ማጣራት አልነበረም። የተጫዋቾች ማኅበር በኅብረት ስምምነቱ ለኮሚሽነሩ ሰፊ ሥልጣን ሰጥቷልና ውሳኔው ሕጋዊ ነው ሲል ፍርድ ቤቱ ወሰነ። ሕጋዊ መሆኑ ግን ፍትሐዊ አያደርገውም።

ብሬዲ በ2016 የውድድር ዘመን 4ቱን ጨዋታዎች ከሜዳ ውጭ ሆኖ አሳለፈ። ሊጉም ከ2015 ጀምሮ ኳሶችን በየጊዜው እያስለካ ማስመዝገብ ጀመረ፤ የተመዘገቡትን ቁጥሮች ግን ለሕዝብ ይፋ አላደረገም።