ተራውን ማወቅ

መርካቶ ውስጥ ካልሲ የሚሸጥ የ12 ዓመት ሱቅ በደረቴ አስቁሙና «አንዱ 35 ብር ከሆነ ሰባት ስጠኝ» በሉት። ወረቀት አይፈልግም፤ ስልክም አያወጣም። «ሦስቱ 105፣ ሦስቱ 105፣ 210፤ አንዷ 35፤ 245» ይልና የ300 ብሩን መልስ፣ 55 ብር፣ መቁጠር ይጀምራል። ይኸንኑ ልጅ ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁ 35 ሲባዛ በ7 ብላችሁ ብትጽፉለትስ?

ይህን ጥያቄ በደንብ የፈተኑት በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ነው። ተመራማሪዎቹ ተሬዚኛ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 የሆነ አምስት ልጆች ገበያ ላይ እየሸጡ ሳለ እንደ ደንበኛ ቀርበው ሒሳብ ጠየቋቸው። ልጆቹ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። በኋላ የዚያው ዓይነት ሒሳብ ዕቃውና ገዢው ቀርቶ በባዶ ቁጥር ሲሰጣቸው ግን ውጤታቸው ወደ 37 ከመቶ ወረደ። ከልጆቹ አንዱ ባለ 35 ኮኮናት አራት ሲጠየቅ ከሦስቱ ዋጋ፣ ከ105፣ ተነሥቶ 140 ብሏል። በወረቀት ላይ ግን «አራት ጊዜ አምስት ሃያ፤ ሁለት በእጅ፤ ሁለትና ሦስት አምስት፤ አምስት ጊዜ አራት ሃያ» ብሎ 200 ጻፈ።

ይህ 200 ብዙ ይናገራል። ገበያ ላይ ቢሆን ከአፉ ሳይወጣ ይይዘው ነበር፤ የሦስቱን ዋጋ የሚያውቅ ሰው አራተኛዋ ብቻዋን 95 እንደማታወጣ አይጠፋውም። ወረቀቱ ላይ ግን ኮኮናት የለም፤ የቀረው የተማረው የአሠራር ደንብ ብቻ ነው፤ ደንቡ ሲሳት የሚመልሰው ነገር የለም።

አምስት ልጅ ጥቂት ነው የሚል አንባቢ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣው የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ የአቢጂት ባነርጂ፣ የአስቴር ዱፍሎና የባልደረቦቻቸው ሥራ በኮልካታና በዴልሂ ገበያዎች የሚሠሩ ከ1,400 በላይ ልጆችን አይቷል። የገበያው ልጆች የክፍሉን ሒሳብ አልተወጡትም። ገበያ የማይሠሩት ተማሪዎችም፣ ለእኔ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ይህ ነው፣ የገበያውን አልቻሉትም። ድልድዩ በሁለቱም ወገን ተሰብሯል።

አዲስ አበባ ለገበያው ዓይነት ዕውቀት የራሷ ቃል አላት፤ አራዳ። ቃሉ የሰፈር ስም ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የከተማዋ ትልቁ ገበያ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለ«አገሬው ሰው» ተብሎ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛወረና መርካቶ ተባለ፤ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ገበያው ሲሄድ ቃሉ እዚያው ፒያሳ አልቀረም። ዛሬም የማይሸወድ፣ ነገሩ ቶሎ የሚገባው ሰው አራዳ ነው፤ ተቃራኒው ፋራ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ስተርንበርግ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን «ተግባራዊ ብልሃት» እያለ ለፈተና ነጥብ ከሚያበቃው ብልሃት ለይቶ ሲያጠና ኖሯል። ዋናው ነገር፣ ማንም ቁጭ ብሎ የማያስተምረው፣ ያወቀው ሰው ራሱ ሊያስረዳው የሚቸገረው ዕውቀት ነው። እሱና ባልደረቦቹ በኬንያ 85 የሉኦ ልጆችን ስለ ባህላዊ መድኃኒት ዕፅዋት ሲጠይቁ፣ መድኃኒቱን ይበልጥ የሚያውቁት በቃላት ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ወደማምጣት አዘነበሉ። ተግባራዊ ብልሃት ራሱን የቻለ የብልሃት ዓይነት መሆኑን የማይቀበሉ ምሁራን ግን አሉ፤ ማስረጃው ስስ ነው ይላሉ። እኔም በስያሜው ላይ አልሟገትም። ቅቤ የምትሸጠውን ሴትዮ ግን ለጋውን ከበሳሉ፣ ንጹሑን ከተደባለቀው በምን እንደምትለይ ብትጠይቋት «ይታወቃል» ነው የምትላችሁ። አፍንጫዋና ጣቷ ያውቁታል፤ አፏ ነው ቃል ያጣው።

ሻጮቹ ከሳይንሱ የቀደሙበትም ነገር አለ። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች ፊት ቁጥር ያለበት መንኮራኩር አሽከርክረው፣ 10 ወይም 65 ላይ እንዲቆም አደረጉ። ከዚያ በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ከመቶ ስንት እንደሆኑ ጠየቁ። 10 ያዩት መካከለኛ ግምታቸው 25 ሆነ፤ 65 ያዩት 45። ከጥያቄው ጋር ፈጽሞ የማይገናኘው ቁጥር ግምቱን ጎተተው። የመርካቶ ነጋዴ መንኮራኩር አያስፈልገውም፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ይጠራል። «የጠራውን ግማሽ በል» የሚለው የዘመድ ምክርም አያድንም፤ የተፈጠረ ዋጋ ግማሽ ያው ከተፈጠረው ዋጋ የተቆረጠ ነው። የሚያድነው አስቀድሞ ዋጋውን ማወቅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአማርኛ ቃል ልብ በሉልኝ፤ ተራ። ተራ ሰው፣ ተራ ነገር ስንል የሁሉ የሆነ፣ የተለመደ ማለታችን ነው። መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ ስንል ግን አንድ መደዳ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ሰው ነው። ፈረንጆች ማንም ጤነኛ ሰው አለው የሚሉት የጋራ ማስተዋል መርካቶ ውስጥ የመደዳ ነው፤ ከመደዳው ሲወጣ ተራ መሆኑ ይቀራል። ምናለሽ ተራ ያረጀ በርሜል ቀዶ ምድጃ የሚሠራው ሰው የክቡን ዙሪያ ለማግኘት አግድሙን ሦስት ጊዜ ለክቶ «ትንሽ» ይጨምራል። ያቺን ትንሽ ፓይ ብሎ አያውቃትም፤ ሸማ ተራ ግን ነጠላ ቢያስመርጡት ጥለቱን ከጥለት አይለይም።

ቅቤ ሻጯም ለልጇ ሚኒባስ ዕቃ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ብትወርድ፣ «ኦሪጅናል ነው?» ባለች ቅጽበት ሻጩ ማንነቷን ያውቃል። ስለዚህ ብቻዋን አትወርድም። እቁብ አብሯት የሚጥል ባለጋራዥ ታስከትላለች፤ እሱ ሲደራደር እሷ ዝም ብላ ቦርሳዋን ይዛ ትቆማለች። ባለጋራዡም ለድግስ ቅቤ ሲያስፈልገው አፍንጫውን አያምንም፤ እሷ ጋ ይመጣል።