ጊታር በኦንላይን ለምትማሩ አዋቂዎች

ከሥራ መልስ ጊታር ለመማር ለምታስቡ ሁሉ፦ በኦንላይን በደንብ ይቻላል። ነገር ግን ትምህርቱ በዙም ከሆነ መጀመሪያ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን አብሩ። ዙም በዋናነት የተሠራው ለንግግር ስለሆነ የክሩን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። ተማሪው ኮርዱን አስተካክሎ ቢመታም ለአስተማሪው የሚደርሰው ተቆራርጦ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ «ጆሮ የለኝም» ብለው የተዉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

አብሮ መጫወት ግን አይሞከርም። ድምፁ በኢንተርኔት እስኪደርስ ስለሚዘገይ ምቱ ይፋለሳል። አስተማሪው ሲጫወት ማይካችሁን ዘግታችሁ ተከተሉት፤ ከዚያ ብቻችሁን ተጫወቱለት።

ካሜራው ከፊታችሁ ይልቅ ክር የሚይዘውን እጅ ያሳይ። አዋቂ ጀማሪዎች አውራ ጣታቸውን ከጊታሩ አንገት ጀርባ አጥብቀው ይጫኑታል፤ እጃቸው ቶሎ የሚዝለውም ለዚህ ነው። የምትጫኑበት ጣት ወደ ፍሬቱ ብረት ተጠግቶ ካረፈ ትንሽ ጉልበት ይበቃል።

ለመጀመሪያ ልምምድ የማዘው ሜጀር ትዝታን ነው፤ ጆሯችን ስለሚያውቀው ስትስቱ ወዲያው ይሰማችኋል። ዶ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ነው። ሬ 4ኛው ክር ሳይያዝ፣ ሚ እዚያው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ። ሶል 3ኛው ክር ሳይያዝ፣ ላ እዚያው 2ኛ ፍሬት ላይ። አለቀ፤ አምስቱም ድምፆች በእጃችሁ ገቡ።

ቅዳሜን ጠብቃችሁ ሁለት ሰዓት ከምትቀመጡ በየቀኑ 15 ደቂቃ ተለማመዱ። ጊታሩንም ከቦርሳው አውጥታችሁ ዓይናችሁ ሥር አስቀምጡት።