አንድ ኳስ፣ ብዙ ደንብ



ከዐስር ሶላት በኋላ ሜዳ ወርደን ስንጫወት ኳሱ የአንዱን እጅ ከነካ ሁላችንም «እጅ!» ብለን እንጮኻለን። ደንቡ ከኳሱ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ ደንቡ እንዲጻፍ መንገድ ከከፈቱት መካከል እንደኛው ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩበት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያኔ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አጨዋወት ነበራቸው። በራግቢ ትምህርት ቤት ኳስ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ በኢተን አይቻልም። ልጆቹ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገናኙ መጫወቱ ጭቅጭቅ ሆነባቸው፤ በ1848 ተቀምጠው የጋራ ደንብ ጻፉ።

በ1863 የለንደንና የአካባቢዋ ክለቦች ማኅበር መሠረቱ። ክርክሩን ያከረረው እጅ ብቻ አልነበረም፤ የተጋጣሚን ቅልጥም በእርግጫ መምታት ይፈቀድ ወይ የሚለውም ነበር። ብላክሂዝ የተባለው ክለብ «ይፈቀድ» ብሎ ተሟግቶ ሲረታ ጥሎ ወጣ። በ1871 እሱና ሌሎች ክለቦች የራግቢ ማኅበርን አቋቋሙ። የሚገርመው፣ ይህ ማኅበር ራሱ እርግጫውን ከለከለ! በራግቢ 15 ተጫዋቾች ሞላላ ኳስ ይዘው ይሮጣሉ፤ በእጅ ማቀበል ግን ወደ ፊት አይቻልም።

ከመለያየቶቹ ሁሉ እኛን ያሳዘነን የ1895ቱ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ብዙዎቹ የራግቢ ተጫዋቾች የከሰል ማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ለጨዋታ ከሥራ ሲቀሩ ደመወዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቻቸው የጠየቁት የተቆረጠው እንዲካካስላቸው ብቻ ነበር፤ ማኅበሩ ግን «ጨዋታ በገንዘብ አይሆንም» በሚል እምቢ አለ። ኑሮው ለተደላደለ ሰው በነፃ መጫወት ክብር ነው፤ ለማዕድን ሠራተኛ ግን የልጆቹ ዳቦ ነበር። በመጨረሻ ሀደርስፊልድ ከተማ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው 22 ክለቦች ተገነጠሉ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ባለ 13 ተጫዋች ጨዋታ የእነሱ ነው።

አውስትራሊያውያን ከለንደን ቀድመው በ1859 ሜልበርን ላይ ደንባቸውን ጽፈዋል፤ በሞላላ ሜዳ 18 ለ18 ይጋጠማሉ።

አሜሪካ ውስጥም ጨዋታውን ከራግቢ አውጥተው የለወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም ወደ 9 ሜትር፣ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። መተረማመሱ እየከፋ ተማሪዎች ሜዳ ላይ ስለሞቱ፣ በ1905 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ተወካዮች ቤተ መንግሥት ጠርተው አነጋገሩ። ጨዋታው እንዲበተንና ግፊያው እንዲቀንስ በ1906 ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ። ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው ረጅም ውርወራ የመጣው ከዚያ ነው።