ከመርከብ ወለል ወደ የብስ የወጡ ቃላት

በሸራ መርከብ ዘመን እያንዳንዱ ገመድ፣ እያንዳንዱ የነፋስ አቅጣጫና እያንዳንዱ የሥራ ትእዛዝ የራሱ ስም ነበረው፤ በማዕበል መካከል የሚሰጥ ትእዛዝ ከሌላው ጋር ቢምታታ መርከቡም ሰዉም ሊጠፋ ይችላልና። ይህ የሥራ ቋንቋ ከመርከበኞቹ ጋር ወደ ወደብ፣ ከወደብም ወደ ከተማ ሲዘልቅ ቃላቱ በየብስ ነዋሪው አንደበት ተለመዱ፤ የወጡበት ሥራ ግን ተረሳ።

በእንግሊዝኛ የመርከብ ቀኝ ጎን «ስታርቦርድ» ይባላል። ቃሉ ከኮከብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «የመሪው ጎን» ማለት ሲሆን፣ መሪ በመርከብ ጀርባ መካከል መተከል ከመጀመሩ በፊት የመሪነት መቅዘፊያው በቀኝ በኩል ይታሰር ስለነበር የተሰጠ ስያሜ ነው። ዕቃ የሚጫንበት የግራው ጎን «ላርቦርድ» ይባል ነበር፤ ሁለቱ ስሞች በድምፅ ተቀራራቢ በመሆናቸው ግን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1844 እ.ኤ.አ. የግራውን ስም «ፖርት» በሚለው ተካው።

የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት «ኖት» በቀጥታ ሲተረጎም ቋጠሮ ማለት ነው። መርከበኞች «ሎግ» የሚሉትን የእንጨት ቁራጭ በገመድ አስረው ከመርከቡ ኋላ ወደ ባሕር ይጥሉና፣ 28 ሰከንድ የሚቆጥር የአሸዋ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ በእጃቸው ያለፉትን ቋጠሮዎች ይቆጥሩ ነበር። ቋጠሮዎቹ በ14.4 ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ የቋጠሮው ቁጥር መርከቡ በሰዓት የሚጓዘውን የባሕር ማይል ይሰጣል፤ አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። ውጤቱ የሚጻፍበት መዝገብ በእንጨቱ ስም «ሎግ ቡክ» ተባለ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ከፍቶ «ሎግ ኢን» የሚያደርግ ሰው የሚጠራው ያንኑ የእንጨት ቁራጭ ነው።

ሌሎች ቃላት ከሜዲትራንያንና ከሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች የመጡ ናቸው። «አድሚራል» በአማርኛም ከሚታወቀው «አሚር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል፣ ማለትም ከ«አዛዥ»፣ የተገኘ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ያለው «ል» የዐረብኛው «አል» ቅሪት ነው። «ሞንሱን» ደግሞ ወቅት የሚል ትርጉም ካለው «መውሲም» ከሚለው የዐረብኛ ቃል በፖርቱጋልኛ በኩል ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች የገባ ነው፤ በዐረቢያና በሕንድ መካከል የሚመላለሱ መርከቦች ጉዟቸውን የሚወስኑት በየወቅቱ አቅጣጫውን በሚቀይረው ነፋስ ነበርና። «ኳራንቲን» ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ መርከብ ወደብ ሳይገባ የሚቆይበትን ጊዜ ያመለክታል። ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው ራጉሳ በ1377 እ.ኤ.አ. የደነገገችው ቆይታ 30 ቀን የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ወደ 40 ቀን ከፍ በማለቱ ስያሜው አርባ ከሚለው የኢጣልያ ቃል ወጣ።

የመጠጥ ቋንቋም ከባሕሩ ብዙ ተበድሯል። አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን በ1740 እ.ኤ.አ. የመርከበኞች ዕለታዊ የሮም መጠጥ በውኃ ቀጥኖ እንዲታደል አዘዘ፤ «ግሮግራም» ከሚባል ሻካራ ጨርቅ የተሠራ ካፖርት ስለሚለብስ «ግሮግ» የሚለው ቅጽል ስሙ ወደ መጠጡ፣ ከመጠጡም መደንዘዝን ወደሚገልጸው «ግሮጊ» ወደሚለው ቃል ተሸጋገረ። ክፉኛ የሰከረን ሰው እንግሊዞች «ሦስት ሺት በነፋስ» ይሉታል። ብዙዎች «ሺት»ን አንሶላ ወይም ሸራ አድርገው ይረዱታል፤ በመርከበኛ ቋንቋ ግን የሸራውን የታች ጥግ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ነው፤ ገመዶቹ ሲለቀቁ ሸራው በነፋስ እየተርገበገበ መርከቡ ይንገዳገዳል።

ስለ ቃላት መነሻ የሚነገር ሁሉ ግን እውነት አይደለም። የቅንጦት መገለጫ የሆነው «ፖሽ» ወደ ሕንድ ሲኬድ የግራ፣ ሲመለሱ የቀኝ ጎን ክፍል ለሚይዙ ባለጸጋ መንገደኞች ከታተመ ትኬት ምሕጻረ ቃል የወጣ ነው ይባላል፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ትኬት አንድም አልተገኘም። ኖት ቋጠሮው፣ ስታርቦርድም መቅዘፊያው ሊታይ ይችላል፤ የፖሽ ታሪክ ግን ከአፍ ወደ አፍ ከመተላለፉ በቀር የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም።